የሲሚንቶ ወፍጮ ይህን ያህል መብራት ለምን ይበላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሲሚንቶ ወፍጮ ክፍል ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። ድሮ ለበዓል ጎጃም ስገባ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ማቃጠያው ምድጃ፣ ስለ ኪልኑ እሳት ነበር። ስለ ወፍጮው የሚያነሳ አልነበረም። የደጀን ስም ከሲሚንቶ ጋር መነሳት ከጀመረ ወዲህ ግን ነገሩ ተቀየረ። ደብረ ማርቆስ ሻይ ልጠጣ ብቀመጥ እንኳ ጥያቄው ይከተለኛል። አንዱ ተማሪ ነው። አንዱ እህል ወፍጮ ያለው ነው። አንዱ ቤት እየሠራ የሲሚንቶ ዋጋ ያንገበገበው ነው። ደጋግሜ የመለስኩትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ሲሚንቶ የተቃጠለ ድንጋይ አይደለም እንዴ? ወፍጮ ምን አገባው?

ሲሚንቶ በወፍጮ ተጀምሮ በወፍጮ ነው የሚያልቀው። የኖራ ድንጋዩና ሸክላ አፈሩ መጀመሪያ አብረው ይፈጫሉ። ዱቄቱ ኪልን ገብቶ 1450 ዲግሪ አካባቢ ይቃጠላል። ሲወጣ ክሊንከር ይባላል፤ አተር የሚያክልም ዋልነት የሚያክልም ጥቁር ግራጫ ጠጠር ነው። እሱ ደግሞ ከጥቂት ጅብሰም ጋር እንደገና ይፈጫል። ለእሳቱ የሚውለው የድንጋይ ከሰልም የራሱ ወፍጮ አለው። ሦስት ወፍጮ ማለት ነው።

ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ የመንገዱን ግድግዳ ልብ ብላችሁ እዩት። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋዩ ይመጣል። ከእሱ ሥር ጅብሰም ያለበት ንብብር አለ። የሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ በቅደም ተከተል የተደረደረበት መጋዘን ነው የሚመስለው። እኔ በአውቶቡስ ስወርድ ከጎኔ የተቀመጠውን ሰው ሳላሰለች አልቀርም።

ለፍጭት የሚሄደው መብራት ስንት ነው?

አንድ ቶን ሲሚንቶ ለማምረት በጥቅሉ ከ90 እስከ 110 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይፈልጋል። ከዚህ ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ሦስቱ ወፍጮዎች ይወስዱታል። ትልቁን ድርሻ የሚበላው የመጨረሻው፣ ክሊንከሩን የሚፈጨው ነው።

ወደ ቤታችን እናምጣው። 50 ኪሎ የምትይዝ አንዲት ከረጢት ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ስለዚህ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ማለት ምጣዱን ከአንድ ሰዓት በላይ ሳያጠፉ መጋገር ነው። መሠረት ለማውጣት ስንት ከረጢት እንደሚገባ ደግሞ ቤት የሠራ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። የፋብሪካው ትልቁ ጉልበት መብራት አይደለም፣ የኪልኑ ሙቀት ነው። ወፍጮው ቀዳሚ የሚሆነው በመብራት ሂሳብ ላይ ነው።

ያ ሁሉ መብራት ድንጋዩን ለመስበር ነው የሚውለው?

አይደለም። እዚህ ላይ ሰው አያምነኝም። ኳስ ያለው ወፍጮ፣ እኛ ቦል ሚል የምንለው፣ ከሚወስደው ጉልበት ድንጋዩን ሰብሮ አዲስ ገጽ ለመፍጠር የሚውለው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ከ1 እስከ 5 በመቶ ይባላል። ሌላው ሁሉ ሙቀትና ጩኸት ሆኖ ይወጣል።

ለምን? ሙቀጫና ዘነዘና አስቡ። በርበሬ ስትወቅጡ ዘነዘናው አሥር ጊዜ ቢወርድ ስንቱ ነው በርበሬው ላይ በደንብ የሚያርፈው? አንዳንዱ ቀድሞ የላመውን ይደቁሳል። አንዳንዱ ሙቀጫውን ይመታል። ቦል ሚል ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ዘነዘናዎች አሉ፤ የት እንደሚያርፉ የሚያዛቸው ግን የለም። ኳስ ኳስን ይመታል፣ ኳስ ግድግዳ ይመታል፣ አልፎ አልፎ ክሊንከር ያገኛል።

ሙቀቱ ራሱም ጣጣ አለው። ሲሚንቶው ወፍጮ ውስጥ ከ110፣ ከ120 ዲግሪ ሲያልፍ ጅብሰሙ በውስጡ የያዘውን ውሃ መልቀቅ ይጀምራል። እንዲህ የሆነ ሲሚንቶ ሲቦካ በደቂቃዎች ውስጥ ድርቅ ይላል። ግንበኛው «ሲሚንቶው ተበላሽቷል» ብሎ ውሃ ይጨምርበታል፤ የባሰው ያኔ ይመጣል። ለዚህ ነው ብዙ ወፍጮ ውስጥ ውሃ በጉም መልክ የሚረጨው። መጀመሪያ በመብራት እናሞቀዋለን፣ ከዚያ በውሃ እናቀዘቅዘዋለን።

ቦል ሚሉ ውስጥ ምን አለ?

ትልቅ የብረት በርሜል ነው፣ አግድም ተኝቶ የሚዞር። ስፋቱ 4 ሜትር፣ ርዝመቱ 13 ሜትር ቢሆን ከ200 ቶን በላይ የብረት ኳስ ይይዛል። ኳሱ የሚሞላው የበርሜሉን ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ከ60 እስከ 90 ሚሊሜትር የሆኑ ትልልቅ ኳሶች ክሊንከሩን ይሸረክታሉ። በሁለተኛው ትንንሾቹ፣ እስከ 15 ሚሊሜትር የሚወርዱት፣ ያልሙታል። እናቶቻችን ለጠላ የሚሸረክቱበትንና ለእንጀራ የሚያልሙበትን በአንድ በርሜል እንደማስገባት ነው።

ፍጥነቱም ልክ አለው። በጣም ከፈጠነ ኳሱ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይዞራል እንጂ አይወድቅም። ያ ጣሪያ ፍጥነት 4 ሜትር ስፋት ላለው ወፍጮ በደቂቃ 21 ዙር አካባቢ ነው። ወፍጮው የሚሠራው በዚያ ሦስት አራተኛ ግድም፣ ወደ 16 ዙር ነው።

አሁን ከጽሑፌ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይቺን ያዙ። ሞተሩ የሚደክመው ኳሶቹን ለማንሳት ነው። ክሊንከሩ ከኳሱ አንጻር ኢምንት ነው። ስለዚህ ወፍጮው ጠግቦም ሲፈጭ፣ ተርቦ ባዶውን ሲዞርም የሚወስደው መብራት ያው ነው ማለት ይቻላል። በሰዓት 100 ቶን እየፈጨ 3500 ኪሎዋት የሚወስድ ወፍጮ ለቶን 35 ኪሎዋት ሰዓት አወጣ። ምግቡ ወደ 70 ቶን ቢወርድ ሞተሩ ያንኑ 3500 ይወስዳል። ቶኑ ላይ 50 ሆነ። ማንም ምንም አልሰበረም፣ ምንም አልተቃጠለም። መብራቱ ግን ሄደ።

ወፍጮው በደንብ እየሠራ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? በኮምፒዩተር ነው?

በኮምፒዩተርም ነው። በጆሮም ነው። የተራበ ወፍጮ ይጮኻል፤ ብረት ብረትን ሲመታ ጥርስ ያንጫርራል። የታነቀ ወፍጮ ደግሞ ድምፁ ይታፈናል፣ ከሩቅ የሚጎተት ጋሪ ይመስላል። ጤነኛው በሁለቱ መሃል ነው። ዛሬ ይህንን ድምፅ የሚሰማ ማይክሮፎን ከወፍጮው አጠገብ ተሰቅሎ ምግቡን ይቆጣጠራል። እኔ ሥራ ስጀምር ያሰለጠነኝ ሽማግሌ ግን በሩ ላይ ቆሞ ሲጋራውን ሳይጨርስ «ሁለተኛው ክፍል ጠግቧል፣ ቀንሱለት» ይል ነበር። አይሳሳትም ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ኳሶቹ ያልቃሉ? ሲያልቁ ምን ይሆናል?

ይበላሉ። ክሮም የበዛበት ኳስ በአንድ ቶን ሲሚንቶ በአሥሮች ግራም ይቆጠራል የሚቀንሰው። ተራው ብረት ከዚያ ብዙ እጥፍ። እያነሱ ሲሄዱ የመምታት አቅማቸው ይደክማል። ስለዚህ በየጊዜው ይጨመራል፣ ይለያል፣ የተሰባበረው ይወጣል። የሴት አያቴ ወፍጮ ሲዶለዱም መጁን አስቀምጣ ታስወቅረው ነበር። ያልተወቀረ ወፍጮ ክንድ ይገድላል ትላለች። እኛ ዘንድ የሚሞተው ቆጣሪው ነው።

የራሴን ጥፋት ላውራ። አንድ ጊዜ የወፍጮው ምርት በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ክሊንከሩን ከሰስን። ቀጥለን መብራት ኃይልን። ወፍጮውን አቁሜ ማስከፈት የኔ ኃላፊነት ነበር፤ ምርት ይቆማል ብዬ ዛሬ ነገ እያልኩ አንድ ወር አለፈ። በመጨረሻ አቆምነው፣ ቆለፍነው፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን፣ የማንሆሉን ክዳን ፈትተን በባትሪ ገባን። ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ባለ ቀዳዳ ግድግዳ ተደፍኗል። ቀዳዳዎቹ ውስጥ የኳስ ስብርባሪ፣ የብሎን ጭንቅላት፣ አንድ ቦታ ላይ የተጣመመ የመፍቻ እጀታ ሳይቀር ተሰክቶ ነበር። አንዱ ጥግ ተሰብሮ ትንንሾቹ ኳሶች ወደ መጀመሪያው ክፍል ተሰደዋል። ትልቁ ክሊንከር ላይ ምስር እንደመወርወር ነው። በመዶሻና በመሮ ሁለት ሺፍት ፈጀብን። ወጪው የጉልበት ብቻ ነበር። በማግስቱ ምርቱ ተመለሰ። እኔ ግን የዚያ ወር የመብራት ቢል ሲመጣ ቢሮ አልዞርኩም።

ሴፓሬተር የምትሉት ምንድን ነው?

ወንፊት ነው፣ በነፋስ የሚሠራ። ከወፍጮ የወጣውን ይቀበልና የላመውን ወደ ሲሎ (ወደ ማከማቻው ጎተራ) ይልካል፣ ሻካራውን ወደ ወፍጮ ይመልሳል። ወንፊቱ ሰነፍ ከሆነ የላመውም ከሻካራው ጋር ተመልሶ ይፈጫል። የተፈጨን መልሶ መፍጨት በሲሚንቶ ዓለም ትልቁ የመብራት ሌባ ነው። ለዚህ ነው አሮጌውን ሴፓሬተር በዘመናዊው፣ ቅርጫት የሚመስል የሚሽከረከር ጎማ ባለው መተካት ብዙ ጊዜ አዲስ ወፍጮ ከመግዛት የሚቀድመው። ይህ ዓይነቱ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስፋት የገባ ነው። አቧራ ተሸክሞ የሚሄደው ነፋስ ካነሰው ግን የቱም ወንፊት አይሠራም። ቧንቧው ላይ ያለች አንዲት የተበሳች ቦታ ንጹሕ አየር ትስባለች፣ ፋኑ በከንቱ ይለፋል።

አዲሱ ቨርቲካል ሚል ይሻላል ይባላል። እውነት ነው?

በመብራት፣ አዎ። ኳስ የለውም። የሚዞር ሳህን አለ፣ በላዩ ላይ በከባድ ኃይል የሚጫኑ ጎማ የሚመስሉ ብረቶች አሉ። ድንጋዩን አይመታውም፣ ይጫነዋል። በመጅና በወፍጮ እንደመፍጨት ነው፤ አያቶቻችን ከሙቀጫ ይልቅ ለዱቄት መጅ የመረጡት ያለ ነገር አልነበረም። ከቦል ሚል ጋር ሲተያይ ከ20 እስከ 40 በመቶ መብራት ሊያተርፍ ይችላል።

የመጫን ሐሳብ ሌላም ልጅ ወልዷል። ክላውስ ሾነርት የተባሉ ጀርመናዊ ፕሮፌሰር ድንጋይን በክምር አድርጎ በከፍተኛ ጫና መጭመቅ ከመምታት ይልቅ ጉልበት እንደሚቆጥብ አሳዩ። ከዚያ ሁለት ሲሊንደር ተፋጠው የሚጨምቁበት ማሽን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ፋብሪካ ገባ። ብዙ ቦታ ከቦል ሚል ፊት ይተከላል፤ እሱ ይከካል፣ ቦል ሚሉ ያልማል።

ለኛ አገር ግን አንድ ነገር ይታሰብ። ቨርቲካል ሚል በነፋስ የሚኖር ማሽን ነው፤ የተፈጨውን የሚያነሳለት ፋን ነው። ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ላይ ናት። እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ያንኑ ዱቄት ለመሸከም ፋኑ የበለጠ አየር መንዳት አለበት። ሞተሮችም በተለምዶ የሚለኩት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ በሳሳ አየር ስለማይቀዘቅዙ አቅማቸው ተቀንሶ ይታሰባል። ካታሎጉ ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ለደጋ ፋብሪካ መግዛት የቆላ በሬ ደጋ አምጥቶ ማረስ ነው።

ይበልጥ በላመ ቁጥር ሲሚንቶው አይጠነክርም? ለምን ዝም ብላችሁ አታልሙትም?

ቶሎ ይጠነክራል፣ እውነት ነው። ልመቱ የሚለካው ብሌን በሚባል ልኬት ነው፤ የአንድ ግራም ዱቄት ገጽ ቢዘረጋ ስንት ካሬ ሴንቲሜትር ይሸፍናል ነው ነገሩ። ተራው ሲሚንቶ ከ3000 እስከ 4000 ነው። አስቡት፣ 3000 ማለት አንድ ቁንጥር ዱቄት ትንሽ ጠረጴዛ ያለብሳል ማለት ነው።

ችግሩ ከ3000 ወደ 4000 ሲኬድ መብራቱ በሲሶ ብቻ አይጨምርም። ግማሽ ያህል ሊጨምር ይችላል። እየላመ ሲሄድ ዱቄቱ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ኳሱን ይለብሳል፣ ምቱን እንደ ፍራሽ ይውጠዋል። ላብራቶሪው 3200 ይበቃል እያለ «ለማንኛውም» ብሎ 3500 የሚፈጭ ኦፕሬተር አውቃለሁ። የደንበኛ ቅሬታ ስለሚፈራ አልፈርድበትም። ግን ያ «ለማንኛውም» በየሰዓቱ ይከፈልበታል።

ከወፍጮው በፊት ያለውም ይቆጠራል። ኪልኑ ክሊንከሩን ከልክ በላይ ካቃጠለ ወይም ቀስ ብሎ ካቀዘቀዘ ለወፍጮ እልኸኛ ይሆናል። የወፍጮ ሰዎችና የኪልን ሰዎች የማይዋደዱት በዚህ ነው።

ፑሚስ የሚጨመርበት ሲሚንቶ የማጭበርበር አይደለም?

አይደለም። ፒፒሲ የሚባለው ይኸው ነው፤ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተፈጭቶ ይገባበታል። የክሊንከሩን ድርሻ ስለሚቀንስ በኪልኑ የሚቃጠለው ከሰል አብሮ ይቀንሳል። ትልቁ ትርፍ እዚያ ነው፣ ወፍጮው ላይ ካለውም ይበልጣል። ለልስንና ለግንብ እኔ ራሴ እሱን ነው የምገዛው።

ወፍጮው ላይ ግን ተንኮል አለው። ፑሚስ ለስላሳ ነው፤ ከክሊንከር ጋር አብሮ ሲገባ እሱ ቀድሞ ይደቅቃል። ብሌኑ ያምራል፣ ክሊንከሩ ግን ገና ሻካራ ነው። ጤፍና ባቄላ ቀላቅሎ እንደማስፈጨት ነው። ስለዚህ በብሌን ብቻ መተማመን አይቻልም፣ በወንፊት የሚቀረውም መታየት አለበት። እርጥብ ሆኖ ከመጣ ደግሞ ማድረቂያ ሙቀት ይፈልጋል። ክረምት ላይ ክምሩን ሳይሸፍኑ መተው ሌላ ወጪ ነው።

የፍጭት ማገዣ የሚባለው ኬሚካል ምን ያደርጋል?

የዱቄቱ ቅንጣቶች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋል። በቶን ጥቂት መቶ ግራም ይበቃል። ወፍጮው በዚያው መብራት የበለጠ ያወጣል። ዋጋው ከሚያተርፈው መብራት ጋር ይነጻጸር እንጂ ሻጩ ባወራው አይገዛ።

ቡሬ እህል ወፍጮ አለኝ። ከዚህ ሁሉ ለእኔ የሚሆን አለ?

አለ። ቀበቶው የላላ እንደሆነ ሞተሩ ይዞራል፣ ድንጋዩ ይዘገያል። ድንጋዩ ሳይወቀር ከቆየ ደንበኛው ዱቄቱን ትኩስ ሆኖ ይረከባል፤ ያ ሙቀት የእርስዎ መብራት ነው። አንድ ቁና ይዞ ለመጣ ሰው ሞተር ከማስነሳት ሰብሰብ አድርጎ መፍጨት ያዋጣል። ሞተሩን ባዶውን እያዞሩ ወሬ መያዝ ደግሞ ሁላችንም የምናደርገው ነው።

መብራታችን ከውሃ ነው። ህዳሴም ተመርቋል። ታዲያ ቁጠባው ለምን ያስጨንቃል?

የህዳሴ ግድብ በጳጉሜ 2017 ተመርቋል፣ 5150 ሜጋዋት የሚያመነጭ ነው። ደስ ይላል። ግን ወፍጮው የሚበላው ሜጋዋት ለሌላ አይውልም። በመስመር መጨረሻ ላይ ያለ ፋብሪካ ቮልቴጅ ሲወርድበት ወፍጮው ይቆማል፣ ሲቆም ይቀዘቅዛል፣ ሲነሳ እስኪረጋጋ የሚወጣው ዱቄት ደረጃውን አይጠብቅም፤ መልሶ ይፈጫል። ቢሉንም ደግሞ ግድቡ አይከፍልልንም።

ገንዘብ የለንም። ከምን እንጀምር?

ከጆሮ። ምሳ ሰዓት ላይ ሌላው ሁሉ ሲቆም ኮምፕረሰር ክፍል አጠገብ ቁሙ። ፉጨት ከሰማችሁ የታመቀ አየር እያመለጠ ነው፤ ብዙ ፋብሪካ ከሚያመነጨው አየር ከአምስት አንዱን በዚህ ያጣል። ማሰሪያና ጎማ ይበቃዋል። ከዚያ ወፍጮው በባዶው የሚዞርባቸውን ደቂቃዎች መዝግቡ፤ ለቅጣት አይደለም፣ ለማወቅ ነው። ሲመዘገብ በራሱ ይቀንሳል። ከዚያ ክዳኑን ክፈቱ። እንደኔ አንድ ወር አትጠብቁ።

ባለፈው ከማርቆስ የገዛሁት ሲሚንቶ ከረጢቱ ሞቅ ብሎ ነበር። ተበላሽቶ ነው?

አይደለም። ከወፍጮ ወጥቶ ሳይቀዘቅዝ ተጭኖ ነው። ጥላ ሥር ከመሬት ከፍ አድርገው ያስቀምጡት። መፍራት ያለብዎ ቀዝቃዛ ሆኖ ውስጡ የተጓጎለውን ነው፤ በጣት ሲጫኑት የማይፈርስ ጓል ካገኙ ይመልሱት።